የወደቡ ክለብ

«በረሃውን በፔዳል አቋርጦ የደረሰን ሰው የወደቡ ክለብ ያለ ፈተና ይቀበላል አሉ» አለ ጎሚስታው። ለስንተኛ ጊዜ እንደሚለው እሱም ረስቶታል።

ብስክሌት ጠጋኟ አንድ ጉልበቷን መሬት አስነክታ፣ የውሃውን ጀሪካን በታናሽ ወንድሟ ብስክሌት ላይ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ትጠፍራለች። ቀና አላለችም።

«ማን ነው ያለው?»

«ሰዎች ናቸዋ።»

«እነዚህ ሰዎች እናት ስም አላወጣችላቸውም?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን በሞረድ ነው እንዴ የምትስይው?»

«ጋሽ ሬዲዮ፣ ባትሪህ አያልቅም መቼም።»

ሱቃቸው ግድግዳ ይጋራል። ሰፈሩ ጎሚስታውን «ሬዲዮ» ያለው በከንቱ እንዳልሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወሬው ገሚሱ ያደረ፣ ገሚሱ እዚያው ጎማ ሲነፋ የተነፋ ነው። ይህንን ግን በወንድሟ ፊት ደፍራ ውሸት ነው አላለችም። የከተማው ክለብ ከቡድኑ ካሰናበተው ወዲህ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ምግቡ እንደገባ ይወጣል። እናታቸው ደጅ ቆመው «ልጄን ግድግዳ በላብኝ» እያሉ ለአላፊ አግዳሚው ያለቅሱ ነበር። ሬዲዮ ወሬውን በመስኮት ጮክ ብሎ የተናገረ ዕለት ልጁ ተገላበጠና «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀ። እናትየው ያን ቀን ልብስ ሲያጥቡ አንጎራጎሩ።

ብቻውን እንደማይሄድ የወሰነችው እሷ ናት። ሱቋን ዘጋች። ፍሬሙን ከአንድ ውራጅ፣ ቸርኬውን ከሌላ፣ ሰንሰለቱን ከሦስተኛ አዋጥታ የራሷን ብስክሌት ሠራች። ሙያውን ማንም አላስተማራትም፤ ፈትታ ስትገጥም፣ ገጥማ ስትፈታ የያዘችው ነው። ጎረቤት «ሴት ልጅ በበረሃ?» ሲል፣ «በረሃው ያቃጥላል እንጂ ማን ነሽ ብሎ አይጠይቅም» አለችው። ከከተማው ጫፍ አልፋ እንደማታውቅ ግን ለማንም አልተናገረችም።

በተነሱበት ጠዋት መንገዱ ቸር ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር የዛፉ ጥላ አለቀ፤ ቀጥሎ ዛፉ ራሱ አለቀ። ከታች የሚመጣው ንፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ የተኛበት መስሎ ያብለጨልጫል፤ ሲደርሱበት ደግሞ ጎማ ሥር እንደ ማስቲካ ይለጠፋል።

ወንድሟ ሜዳ ላይ ያደገ ተወዳዳሪ ነው። ፍሬን ለእሱ መታጠፊያ ላይ ነካ የሚደረግ ነገር ነበር። እዚህ ግን ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው ፈርቶ ጨመደደው፣ ጨምድዶም ቀረ። የተቃጠለ ጎማ ሸተታት።

«ቁም። ቸርኬው ላይ ውሃ አፍስስበት» አለችው ተጠግታ።

«የምንጠጣውን?»

«ፍሬን ይዘህ ስትወርድ ቸርኬው ይግላል። ሲግል ከመነዳሪውን ያፈነዳዋል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያልክ ውረድ።»

«እታለም፣ አንቺ ጠጋኝ ነሽ እንጂ አሰልጣኝ አይደለሽም።»

«አሰልጣኝህማ አባረረህ።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። እሱ ፍሬኑን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ ጥሏት ሄደ። የሸሚዙ ጀርባ እንደ ሸራ ተነፋ። ከአንድ ትንሽ ድልድይ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ እንደገና ጨመደደው፤ የፊት ጎማው እንደ ጥይት ጮኸ።

ስትደርስ ከድልድዩ የሲሚንቶ አጥር ሥር ተኝቷል። ጭኑ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ጀሪካኑ ተሰንጥቆ ውሃው በአስፋልቱ ላይ ሲወርድ፣ ሳያርስ ይደርቃል። በራሷ ጃኬት ጥላ ሠራችለት። ቅድም የተናገረችውን የሚሽር ቃል ብትፈልግ አጣች፤ ለስድብ እንጂ ለይቅርታ አፏን አላስለመደችውም። ሲሚንቶ የጫነ መኪና እስኪመጣ ድረስ ጃኬቱን ከፀሐዩ ጋር እያዞረች ጠበቀች። ሹፌሩና ረዳቱ ሲያነሱት ብቻ አንዴ ጮኸ።

ቁልቁለቱ ሥር ያለችው ክሊኒክ አንድ ክፍልና አንድ ነርስ ናት። ነርሷ የማስታገሻ መርፌ ወግታው ስታበቃ ጠጋኟን ወደ በሩ ወሰደቻት።

«ዳሌውም ጭኑም ነው የተሰበረው። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይመለሳል።»

«ብስክሌት መንዳቱስ?»

«መቆሙን እንመኝለት፣ እህቴ።»

ወንድሟ ጣራውን እያየ ተኝቷል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ሥጋት ያዛት። ወጥታ የግድግዳው ጥላ ውስጥ ቆመችና ደወለች።

«ጋሽ ሬዲዮ፣ የወደቡን ክለብ ወሬ የነገረህን ሰው ስልኩን ስጠኝ። እስኪሻለው ቦታውን እንዲይዙለት ልለምናቸው ነው።»

«እስኪሻለው? ምን ሆነ?»

ነገረችው። ከወዲያ የአየር መንፊያውን ሞተር ሲያጠፋ ሰማችው።

«ሰው የለም» አለ።

«የምን የለም?»

«የነገረኝ ሰው የለም። እኔው ነኝ ያወራሁት። እናትሽ ያለቅሱ ነበር፤ ልጁ ቢያንስ ይገላበጥ ብዬ። የምር ትነሳላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ደግሞ እውነቱን ልናገር ስል አፌ እምቢ እያለኝ፣ ያንኑ ደገምኩት።»

ለሌላው ሰው ሁሉ ስድብ ሞልቷት ያውቃል። ለእሱ አንድ አላገኘችም። ስልኩን ዘጋችው።

ያረጀ ጎማ ይዞ የመጣን ደንበኛ «አንድ ሳምንት ይቆይልሃል» ብላ ሸንግላ የማታውቀው ጠጋኟ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የወደቡን ሰዎች አገኘኋቸው» አለች። «ቦታህን ይይዙልሃል። ድኖ ይምጣ፣ አንቸኩልም ብለዋል።»

ወንድሟ ከጣራው ላይ ዓይኑን አንስቶ አያት።

«አንቺ ውሸት አታውቂበትም፣ እታለም። ወደቡ ላይ ክለብ የለም። ከመነሳታችን በፊት አሰልጣኙን ጠይቄዋለሁ፤ ከፈረሰ ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

መርፌው ምላሱን እያሰረው ነው። ቃሉን እየለቀመ ተናገረ።

«ልነግርሽ መጥቼ ነበር። ሱቁ በር ድረስ። ያቺን ብስክሌትሽን ገልብጠሽ ቸርኬዋን እያሽከረከርሽ፣ ብቻሽን ትስቂ ነበር። ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ዝም ብዬ ተመለስኩ።»