ሁለት ራም ይበቃሻል

ታይፔ ውስጥ፣ የኮምፒውተር ዕቃ በሚሸጥበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ራም የሚባለውን የኮምፒውተር ማስታወሻ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደንበኛ ሲከራከረኝ ደሜ ይፈላል። ዩ-ቸን ደግሞ ክርክር ትወድ ነበር።

መጀመሪያ የመጣችው ከአባቷ ጋር ነው። አባባ ቲያን-ሹይ የአሻንጉሊት ትርኢት የሚያሳዩ ሰው ናቸው፤ ጀግናውንም፣ ሌባውንም፣ ነገረኛዋን አማትም በራሳቸው ጉሮሮ ይናገራሉ። ያ ጉሮሮ ካንሰር ይዞታል። ሐሙስ ጠዋት ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የላቸውም። ልጅቷ ኮምፒውተር የፈለገችው ከዚያ በፊት የሁለት ሰዓት ትርኢታቸውን በጥሩ ማይክሮፎን ልትቀዳበት ነው።

«አራት ራም አድርግልኝ፣ አለቃ ጎንግ» አለች።

«ሁለት ይበቃሻል። ከአንድ ማሸጊያ የወጡ መንትዮች። አራት ሲሆኑ አንዱ ያኮርፍና ሌላውን ያስኮርፋል።»

«ከአራቱ መሰኪያ ሁለቱ ባዶ ሲሆን እኮ ጥርስ የወለቀ ነው የሚመስለው!»

«የቁንጅና ውድድር ልታስገቢው ነው እንዴ?»

አባባ ሳቁ። ድምፃቸው ያኔም ሻክሮ ነበር፣ ግን ሱቁን ሞላው። ሲወጡ እንደ ልማዳችን አንድ አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ቺፕስ መረቅኩላቸው። እኛ አገር ማሽን እንዳያምፅ አረንጓዴ ከረጢት ይቀመጥለታል፤ ባንኩም ሆስፒታሉም ያደርገዋል። አይበላም፣ ቀኑም ማለፍ የለበትም።

«የት ላስቀምጠው?» አሉኝ።

«በቀረበው ቁጥር ይሻላል፣ አባባ» ብዬ ቀለድኩ።

ሰኞ ዕለት ዩ-ቸን ኮምፒውተሩን ታቅፋ ተመለሰች። «አርባ ደቂቃ ይሠራና ድርግም! ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገን።»

«ታዲያ እስከዚያ የተቀዳው አይጠፋ፤ ከቆመበት አትቀጥሉም?»

«አባዬ እሺ አይልም። ሲጀመር አማልክቱ ይጠራሉ፤ ከተቋረጠ እንደ አዲስ ነው እንጂ ከመሀል አይገባም። ስድሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራው። በስልክ ልቅዳህ ስለውም ‹ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ልታስመስይኝ ነው?› ይለኛል።»

የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ኬዙን፣ ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አራት ራም! ከጎረቤት ሱቅ ሁለት ገዝታ ጨምራበታለች።

«አንድ ዓይነት ናቸው እኮ! ስሙም ቁጥሩም…»

«በተለያየ ቀን ከተለያየ ቤት የተወለደ መንታ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የእሷን ሁለት ነቅዬ የእኔን ሁለት ብቻ፣ እንደ ደንቡ አንድ መሰኪያ እየዘለልኩ መለስኳቸው። እስከ ማክሰኞ ማታ ፈተንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ልትወስደው ስትመጣ «ያባትሽን ድምፅ ያባከንሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ከዚያ እዚያው ቆማ አለቀሰች። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ትክክል በመሆኔ ኩራት ነበር የተሰማኝ።

ረቡዕ ልክ ከምሳ በኋላ ደወለች። «እንደገና ሞተ። ዛሬ ብቻ ሁለት ጊዜ።»

«አይሆንም!» አልኩ። ሱቁን እንኳ በወጉ ሳልዘጋ በሞተሬ በረርኩ።

አባባ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠዋል፤ የጦር አዛዡን አሻንጉሊት እጃቸው ላይ እንዳጠለቁ ነው። ኬዙን ስነካው ያቃጥላል። የጎኑን ክዳን ፈትቼ ሳነሳው ክው ብዬ ቀረሁ። አረንጓዴው ከረጢት ራሞቹ ላይ ተጋድሟል፤ የፊቱን ማቀዝቀዣ ፋን ድፍን አድርጎ፣ በሙቀቱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ዩ-ቸን ጮኸች። «ወደ ሱቅ ስወስደው እኮ አልነበረም!»

አባባ በተቆራረጠ ትንፋሽ ተናገሩ። «እኔ ነኝ። ከቤት ሲወጣ አወጣዋለሁ፣ የቤቱ ነዋ። ሲመለስ እመልሰዋለሁ። አለቃ በቀረበው ቁጥር ይሻላል ብለውኝ።»

ያ ሁሉ የሁለትና የአራት ክርክር፣ ያ ሁሉ ቁጣዬ! ሱቅ ውስጥ ንቅንቅ ያላለውም ለዚህ ነው።

«ጥፋቱ ያንቺም አይደለም፣ የራሞቹም አይደለም» አልኳት። «የእኔ አፍ ነው።»

«አምስት ጊዜ፣ አለቃ» አለች ቀስ ብላ። «አምስት ጊዜ ነው ከመጀመሪያው የተረከው።»

ከረጢቱን አወጣሁ፤ ማሽኑ ቀዘቀዘ። ዩ-ቸን መቅጃውን ከፈተች። አባባ አማልክቱን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ አየር ብቻ። ሦስታችንም ተያየን። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ነው፤ የቀረውን ድምፅ ደግሞ በአንድ ቀልድ ጨርሼዋለሁ።

አባባ ከረጢቱን ከእጄ ወሰዱ። አገላብጠው ቀኑን አዩ፣ አላለፈም። ኬዙ አናት ላይ፣ ከውጭ፣ በጥንቃቄ አስቀመጡት። ከዚያ ልጃቸውን ሳብ አድርገው በጆሮዋ አንሾካሾኩላት።

«ከመሀል እንጀምር ነው የሚለው» አለችኝ፤ እንባዋ ይወርዳል። «አባዬ፣ አንተ? ከመሀል?»

እሳቸው እንደገና አንሾካሾኩ፤ ያሁኑን እኔም ሰማሁት። «አምስት ጊዜ ተጠርተዋል እኮ፣ ልጄ። እዚሁ ናቸው።»

ማይክሮፎኑን ከንፈራቸው ድረስ አስጠጋችላቸው። የቀረውን ሰዓት ከሃያ በሹክሹክታ ተረኩት፤ ሌባውም በሹክሹክታ፣ አማቲቱም በሹክሹክታ። ማሽኑ አንዴም አልተደናቀፈም። መጨረሻው ላይ የጦር አዛዡ የከተማው በር ፊት ቆሞ ስሙን ሲጮህ ግንቡ ይናዳል። አባባ አሻንጉሊቱን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ስሙን ጠሩ። ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ አልሰማሁትም። ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መስመር ግን ትንሽ ከፍ አለ።