ወይዘሮ ሥነ ሕይወት ወደ አምባ ድንግል የወጣችበት ታሪክ

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፤ እግዚአብሔር ምድርን በጥበቡ ሲያደላድል ሜዳውን ለአራሽ፣ ሸለቆውን ለከብት፣ ወንዙን ለተጠማ ሁሉ አካፍሎ ካበቃ በኋላ፣ የማይታረሱና የማይታጨዱ፣ የማይገብሩና የማይወረሱ ተራሮችን ደግሞ በሰማይ ግርጌ ማቆሙ ከንቱ እንዳልሆነ ልብ ያለው ያስተውለዋል፤ ሆድ እህልን እንደሚሻ ዐይንም ርቀትን ይሻልና፣ ሰው የዕለት ጉርሱን ቢጠግብም እንኳ ዐይኑ ያረፈበትን ከፍታ እግሩ እስኪረግጠው ድረስ አንዳች የጎደለው ይመስለዋል። ይህ ረኀብ በመኳንንትም በድኆችም፣ በወንዶችም በሴቶችም ዘንድ አንድ ነው፤ ነገር ግን በሴት ልብ ያደረ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ስም ሊያወጣለት ይቸኩላል፤ እኩሌታው እብደት፣ እኩሌታው ቅብጠት ይለዋል።

ነገሥታቱ በጎንደር አብያተ መንግሥት በሚቀመጡበት በዚያ በቀደመው ዘመን፣ ከተከዜ ወዲህ ባለ አንድ ደጋ ሀገር፣ በመልኳ ደማም፣ በአንደበቷ ርቱዕ፣ በሳቋ ግን ከሁሉ ይልቅ የታወቀች ወይዘሮ ሥነ ሕይወት የምትባል ባላባት ነበረች። ባሏ በሞት ተለይቷት፣ የኀዘኗን ወራት በሥርዐት ፈጽማ፣ ተዝካሩንም በክብር አውጥታ ስታበቃ፣ ታላቅ ወንድሟ ፊታውራሪ ዘርዐ ቡሩክ ዳግመኛ ሊድራት ዐሰበ፤ የመረጠላትም ርስቱ ከርስቷ የሚዋሰነውን፣ ቁመቱ የረዘመውንና ትከሻው የሰፋውን ባላምባራስ አውሳብዮስን ነበር። ይህን ሰው አልጠላችውም፤ የጠላችው ሁለቱ ወንዶች በእልፍኟ ተቀምጠው፣ ጠጇን እየጠጡ፣ እርሷ በዚያ እንደሌለች ሁሉ ስለ እርሷ መነጋገራቸውን ነበር። በእልፍኟ መስኮት ትይዩ፣ ከተከዜ ማዶ፣ ክረምት ባለፈ ቁጥር ከደመና ተገልጦ የሚታይ አንድ ግሩም ተራራ ነበረ፤ የሰው ጫማ ረግጦት ስለማያውቅ አምባ ድንግል ይሉታል፤ እርሷም ከሙሽርነቷ ጀምራ በየማለዳው ስታየው ኖራለች። እናም አንድ ቀን ወንድሟ ስለ ሠርጉ ድግስ ሲያወጋ በመካከል አቋርጣ፣ «ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ፤ ከአምባ ድንግል ራስ ላይ ልቁም። ቆሜ ከተመለስሁ የራሴም የቤቴም አዛዥ እኔው ልሁን፤ ሳልደርስ ከተመለስሁ ግን በወደዱት ቀን ለወደዱት ሰው ይዳሩኝ፤ አንዲት ቃል አልተነፍስም» አለችው። ፊታውራሪው ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ዋልያ እንኳ የሚያዳልጠውን ገደል እኅቱ በቀሚስ ትወጣዋለች ብሎ አላመነምና፣ በነፍስ አባቷ በአባ ዘወንጌል ፊት ወንጌል ይዞ ማለላት፤ ምስክር ይሆን ዘንድም ባላምባራስ አውሳብዮስን ራሱን አብሮ ሰደደው፤ የእርሷ መውደቅ ከሚጠቅመው ሰው ይልቅ ነቅቶ የሚጠብቅ ምስክር ከወዴት ይገኛል?

ጥቅምት ምድሩን በአደይ አበባ ሸልሞ ሳይጨርስ፣ አባ ዘወንጌልም አብሯቸው ሆኖ፣ ጉዞው በበቅሎ ተጀመረ። ወደ ተከዜ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርዱ ደጋው ከኋላቸው እንደ ሕልም ራቀ፤ ቆላው በወላፈኑ ተቀበላቸው፤ ወንዙን ገመድ ይዘው፣ ልብሳቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ተሻገሩት። በማዶው ጫካ የዝንጀሮ መንጋ ወርዶ የአባ ዘወንጌልን የበሶ ስልቻ ነጥቆ በወጣ ጊዜ፣ ቄሱ መቋሚያውን አንሥቶ ከዳዊት መዝሙር ኃይለኛውን መርጦ ገሠጻቸው፤ ዝንጀሮቹም በጩኸት መለሱለት። እስከዚያች ሰዓት ከአክብሮት ሰላምታ በቀር ቃል ያልወጣው ባላምባራስ ፊቱን ሳያፈካ፣ «አባታችን፣ ይማሯቸው፤ ዛሬ ረቡዕ መሆኑን የነገራቸው የለም» ቢል፣ ወይዘሮዋ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ይህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ እንዳለ ግን ስለ ምን እስከ ዛሬ አላወቅሁም ብላ በልቧ ተደነቀች።

በቅሎዎቹ ከማይሄዱበት በደረሱ ጊዜ እርሷ ቀሚሷን በመቀነት ሸብ አድርጋ ትቀድም ጀመር፤ ከአንድ ቀጭን የገደል ጠርዝ ላይም ዘወር ብትል፣ ባላምባራስ ዐለቱን እንደ እናቱ ዐቅፎ፣ ፊቱ ዐመድ ለብሶ ቆሟል። «ታመሙን?» ብትለው፣ «እመቤቴ፣ ፈራሁ እንጂ አልታመምሁም። ጦር ሲወረወር ዐይኔን አላሽም፤ ገደል ሳይ ግን ዐይኔን እጨፍናለሁ። ይህን ለወንድምዎ አልነገርሁትም» አላት። ጀግንነታቸውን የሚያወሩ ወንዶች ጆሮዋን ሲያደነቁሩ ኖረዋል፤ ፍርሃቱን የነገራት ግን የመጀመሪያው እርሱ ነበርና፣ ሳትስቅበት የበትሯን ጫፍ አስያዘችውና ቀስ እያለች አሳለፈችው።

አባ ዘወንጌል ከተራራው እግር በአስታ ዛፎች ጥላ ሥር ሆኖ ሊጸልይላቸው ቀረ፤ ሁለቱም የጓሳውን ሣርና ብርዱን አልፈው፣ ቀትር ላይ ከመጨረሻው ዐለት ሥር ደረሱ። ዐለቱ እንደ ቅጥር የቆመ ነው፤ መውጫው አንዲት ስንጥቅ ብቻ ነበረች፤ የስንጥቋም መያዣ ከወይዘሮዋ እጅ ጥቂት ትርቃለች። ዘለለች፤ ወደቀች። ድንጋይ ደርድራ ወጣችበት፤ ድንጋዩ ተንዶ ጉልበቷን ላጠው። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሳቋ ጠፍቶ ፊቷን ወደ ዐለቱ መልሳ ቆመች፤ ከጀርባዋ ያለው ሰው ዝም ቢል ብቻ ሠርጉ የእርሱ መሆኑን ታውቃለችና። ባላምባራስ ግን ጋሻውን አኑሮ፣ ሸማውን አጣጥፎ በትከሻው ላይ አደረገ፤ ከዐለቱም ሥር ተንበረከከ። «ይርገጡኝ» አላት። እርሷም፣ «ባላምባራስ፣ ምን እንደሚያጡ ያውቃሉን?» ብላ ጠየቀችው። «አውቃለሁ፤ መንገዱን ሁሉ ሳስበው የመጣሁት እርሱን ነው። ነገር ግን እርስዎ እያዘኑ ከሚገቡበት ቤት ውስጥ እኔ ምን ደስታ አገኛለሁ? ይርገጡኝ፣ ቶሎም ይውጡ፤ ወደ ታች እንዳላይ ዐይኔን ጨፍኛለሁ» አለ።

ረገጠችው፤ ወጣችም። በላይ ያለው ሜዳ ቁመተ ረጅሙ የጅብራ ተክል የቆመበት፣ ምንጭ በሣር መካከል በቀስታ የሚፈስበት፣ ነፋሱ እንደ አዲስ የተፈጠረ የሚመስልበት ሥፍራ ነበር፤ ሰው አይቶ የማያውቅ አንድ ሽማግሌ ዋልያም ሳይሸሽ ጢሙን እያርገበገበ መረመራት። ከሥሯ ሀገር በሀገር ላይ ተደራርቦ፣ ተከዜ እንደ ብር ክር ቀጥኖ ታየ። ወይዘሮ ሥነ ሕይወትም ጉሮሮዋ እስኪነቃ እልል አለች፤ ገደሎቹ ሁሉ ተቀባብለው አስተጋቡላት፤ በታች ያለው ቄስም ሰምቶ ከበሮ ቢያጣ ድስቱን መታ። እልልታዋ ሲያበቃ ግን ደስታዋ ጎዶሎ ሆኖ ተሰማት፤ ስለዚህም ወደ ጠርዙ ተመልሳ፣ ረጅሙን መቀነቷን ፈትታ ከጠርዙ አጠገብ በበቀለ የአስታ ዛፍ ግንድ አሰረችና ጫፉን ሰደደችለት። «አልችልም» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ዐይንዎን ጨፍነው ሊሸከሙኝ የቻሉ፣ ዐይንዎን ጨፍነው ይወጣሉ» አለችው። እየማለና እየጸለየ ወጣ፤ ከላይም እንደ ደረሰ በደረቱ ተኝቶ ሣሩን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ዋልያው ይህን ሲያይ ታዝቦ ሄደ፤ ሁለቱም መናገር እስኪያቅታቸው ሳቁ። ስለ ሠርግ ግን በዚያ አንዳች አልተነጋገሩም።

በተመለሱ ጊዜ ፊታውራሪው በደጅ ተቀበላቸው፤ ባላምባራስም፣ «ቆማለች፤ በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ መሰከረ። «አንተ ሰው፣ ሚስትህን በገዛ አፍህ አጣህ!» ብሎ ፊታውራሪው ቢቆጣ፣ እኅቱ በመካከል ገባች። «ወንድሜ ሆይ፣ እንግዲህ የራሴ አዛዥ እኔ ነኝን?» «ምዬልሻለሁ፤ ነሽ።» «እንግዲያስ ባላምባራስ፣ መከሩ ሲገባ ሽማግሌ ይላኩ፤ ወደ ወንድሜ ሳይሆን ወደ እኔ። እምቢ ማለትም እሺ ማለትም የእኔ ነውና፣ እስከዚያው አስብበታለሁ» አለች። ፊታውራሪው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። መከሩም ገባ፣ ሽማግሎቹም መጡ፤ እንደ ሥርዐቱ በደጅ አቆመቻቸው፣ እንደ ልማዱም ደጋግማ አመላለሰቻቸው፤ ባላምባራስ በዚያ ወራት ከገደሉ ይልቅ ፈራ ይባላል። በመጨረሻ እሺ ባለችበት ቀን ግን ቃሏን ያሰማችው በሌላ አፍ አልነበረም፤ ራሷ ከእልፍኟ ወጥታ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረችው፤ ሰው ተሰጥቶ የሚገባበት ቤት ማደሪያ ይሆነዋል፤ ወድዶ የሚገባበት ቤት ግን ሀገሩ ይሆናልና።