የእናቴ ዝኩኒ
ኮሮና ዮርዳኖስ ውስጥ ወዳለችው ከተማችን ኢርቢድ በገባ በሁለተኛው ወር የሰፈራችን ሴቶች ለሆስፒታላችን ድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች ምሳ እያበሰሉ መላክ ጀመሩ። እናቴም አንዷ ናት። እኛ ነርሶች ቤታችን እንዳንገባ ስለተከለከልን ካየኋት ወር አልፎኛል፤ በምግቧ እንኳ እጽናናለሁ ብዬ ነበር።

የት አባቱ! በሩዝና በሥጋ የተሞላው የእናቴ ዝኩኒ በየቀኑ የሚደርሰው ለሥራ ባልደረባዬ ለሉብና ነው። ክዳኑ ላይ «ለሉብና» ተብሎ ተጽፏል፤ ጽሑፉ የእናቴ ነው። ለእኔ የጎረቤት ምስር ሾርባ!

አንድ ቀን ቅናት አንገበገበኝና ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ ሉብና?»

«ሩባ፣ ምን ሆነሻል?»

«ዝኩኒውን ለምን ለሷ ትልኪያለሽ?»

«እናቷን ቀብራ በማግስቱ ሥራ ገባች ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው አይደለሽ? አንቺ ሲከፋሽ የምትጮሂባት እናት አለሽ። እሷ ማን ላይ ትጩህ?»

ስልኩን ዘጋሁና ሄጄ ዝኩኒውን እየበላች ካለችው ሉብና አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ይጣፍጣል?» አልኳት፣ አሁንም እየቆጨኝ።

«ጨው ይጎድለዋል። የእናቴ ይሻል ነበር።»

ደሜ ፈላ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አዎ» አልኳት፣ ቀምሼው ባላውቅም፣ «የእናትሽ ይሻል ነበር።»