የተስፋው ቤንዚን

ሞተር ሳይክሉን ከአንድ ጎረቤት ጋር እየገፋች ያመጣችው ኤደን ናት። አባቷ መምሬ ወልደ ሐዋርያት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት በእጃቸው አንጠልጥለው ከኋላ ይከተሉ ነበር። ይስማው ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለችው የቆርቆሮ ጋራዡ በር ላይ ሆኖ ሲያያቸው ብድግ አለ። መምሬ የንስሐ አባቱ ናቸው። መስቀላቸውን ተሳልሞ ቀና ሲል ሞተሩን አወቀው። የሟቹ የተስፋው ነው።

ተስፋው የመምሬ የበኩር ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በጦርነቱ ዓመት አንድ ቀን ከአምደወርቅ ሲመለስ ሞተሩ መንገድ ላይ ቆመበት። አብሮት የነበረው ጓደኛው ካሤ እንደ ተናገረው፣ ቤንዚን አለቀባቸው። መሽቷል፤ ተኩሱ ይቀርባል። ካሤ ሰው ሊጠራ በእግሩ ሮጠ፤ ተስፋው ሞተሬን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ። በማግስቱ ከሞተሩ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ወድቆ አገኙት። ሞተሩን በአይሱዙ ጭነው አመጡት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይነካው በመምሬ ዕቃ ቤት ሸራ ለብሶ ቆመ።

በለቅሶው ላይ አልቃሿ ቤንዚኑን በሙሾዋ አስገባችው። ያን ዕለት ጠዋት አባቱ ታንኩን ሙላው ብለውት፣ እሱ ይበቃኛል ብሎ እየሳቀ መውጣቱን እናቱ አመተ ሥላሴ እያለቀሰች ስለተናገረች አገር ሁሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ በሰቆጣ፣ ጥቂት ነዳጅ ይዞ መንገድ የሚጀምር ሰው ሲታይ «የተስፋው ቤንዚን» ማለት ተለመደ። ሾፌሮች ይሉታል። ይስማውም ብሎት ያውቃል፤ ለደንበኛ፣ እየሳቀ።

አሁን ኤደን ሰሃላ ውስጥ ነርስ ሆናለች። ከጤና ጣቢያው ወደ መንደሮቹ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ትሄዳለች፤ ስለዚህ መምሬ ሸራውን አነሡት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ከተስፋው ሣጥን የተገኘ አዲስ የቤንዚን መክፈቻ ነው፤ ከነማሸጊያው፣ ያልተነካ። ይስማው አገላብጦ አየው። ለዚህ ሞተር ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ቢሆንም ይገባል አለ።

«ይሄ ሞተር እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል» አለች ኤደን መቀመጫውን እየመታች። «አንቱ ልበለው፣ ጋሼ?»

«ካልተነሣልሽ አንቱ በይው» አላት። ሣቀችና መድኃኒት ልትረከብ ወደ ጤና ቢሮው ሄደች። መምሬ ከጋራዡ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ይስማው ተንበርክኮ ከታንኩ ሥር ያለውን የድሮውን መክፈቻ አየ። እጀታው ወደ መጠባበቂያው ዞሯል። እንዲህ ያለው መክፈቻ ሦስት ቦታ አለው፤ ዝግ፣ ክፍትና መጠባበቂያ። ክፍት ሲሆን ቤንዚኑ የሚወርደው ታንኩ ውስጥ ጣት ያህል ከፍ ብላ በቆመች ቀጭን ቱቦ ነው። ቤንዚኑ ከቱቦዋ አፍ ዝቅ ሲል ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ያኔ ነጂው እጀታውን ወደ መጠባበቂያ ያዞርና ከታንኩ ወለል ላይ የቀረው ይወርድለታል። ተስፋውም ሞተሩ ሲቆምበት እንደዚያው አድርጎ ኖሯል።

ከመክፈቻው የምትወርደውን የጎማ ቱቦ ነቅሎ ከሥሩ ጣሳ ደቀነ። ጠብታ አልወረደም። እንደተባለው ባዶ ነው ብሎ ሁለቱን ብሎኖች ፈታ። መክፈቻው ከታንኩ ሲላቀቅ ቤንዚኑ በእጆቹ ላይ ተዘረገፈ። ቢጫ ሆኗል፤ እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። ጣሳው ሞልቶ ሌላ ፈለገ፤ በቅርብ ስላጣ የራሱን የመጠጥ ውሃ ደፍቶ በጆጉ ተቀበለው።

መምሬ ድምፁን ሰምተው ምን እንደሚፈስ ጠየቁ።

«አሮጌ ቆሻሻ ነው፣ አባ» አለ።

ጀርባውን ሰጥቷቸው የድሮውን መክፈቻ በካቻቢቴ ፈታው። ከእጀታው ሥር፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ያሉት ክብ ላስቲክ አለ። ይህ ላስቲክ ከፋብሪካ የመጣው አልነበረም። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ አንድ ጎኑ ላይ የድሮ ልጣፍ ምልክት ይታያል። ቤንዚን ጠጥቶ አብጧል፤ የመጠባበቂያው ቀዳዳ እንደዳነ ቁስል ገጥሟል።

የቆረጠው ራሱ ይስማው ነበር። መክፈቻው ያንጠባጥብ ነበርና ለጊዜው ብሎ ሠራለት። ካላማዳሪ ቤንዚን ውስጥ እንደሚያብጥ ያውቅ ነበር፤ የሚያውቀውን ያህል ግን አልፈራውም። ከወር በኋላ ተስፋው አዲሱን መክፈቻ ገዝቶ ሲመጣ ጋራዡ በሥራ ተጨናንቆ ስለነበር፣ የሠራሁልህ ይይዛል፣ ሥራ ሲቀለኝ ና ብሎ መለሰው። ሁለተኛ አልተገናኙም።

ሥራውን ቀጠለ። የአዲሱ መክፈቻ የብሎን ቀዳዳዎች ከታንኩ ጋር በሁለት ሚሊ ሳቱ፤ በሞረድ አሰፋቸው። መጋጠሚያውን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰው። ላስቲክ አልቆረጠም፤ አብሮት የመጣውን ማሸጊያ አደረገ። ንጹሕ ቤንዚን አፍስሶ እጀታውን በየቦታው እያዞረ ሞከረ፤ መጠባበቂያውን አራት ጊዜ። እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራበትን ቀን አያስታውስም። መምሬ ዳዊታቸውን እያነበቡ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሥራው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ።

ሥራው ሲያልቅ እጁን በሳሙና ታጠበ። ሽታው አልለቀቀም። ወደ መምሬ ሄዶ ተንበረከከ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ንስሐ አለብኝ።»

እዚሁ መንገድ ዳር መሆኑ አስገርሟቸው ዳዊቱን ዘጉና መስቀላቸውን አወጡ። ይስማው መሬት መሬቱን እያየ ነገራቸው። ስለ ላስቲኩ፣ ተስፋው አዲሱን ይዞ ሲመጣ ስለ መለሰው፣ አሁን ስለ ወረደው ቤንዚን። ላስቲኩን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ስንት ነበር?» አሉ።

«ከአንድ ሊትር ተኩል ይበልጣል።»

«ሰቆጣ ያገባው ነበር?»

«ተርፎት።»

ታንኩን ከፍቶ ቢያይስ ኖሮ ብለው ጠየቁ። በጨለማ እንደማይታይ፣ ቤንዚን ላይ ክብሪት እንደማይጫር ነገራቸው። አህያ የሚነዱ ሰዎች ለመምሬ ሰላምታ ሰጥተው አለፉ፤ አልመለሱላቸውም።

«ይበቃኛል ያለኝ እውነቱን ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያም «አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ነበር፣ ይስማው። ሳትንበረከክ ብትነግረኝ ምን ነበር?»

ይስማው ለምን እንደተንበረከከ ሁለቱም ያውቁታል። ቄስ በንስሐ የሰሙትን ለማንም አይናገሩም።

«ለንስሐ አባትህ ነግረሃል። ለተስፋው አባት የነገረው የለም» አሉ። «እናቱ አራት ዓመት ሙሉ ሬሳውን ስትወቅስ ኖራለች። ዛሬም ገብቼ አብሬያት እሰማለሁ። እኔ ታስሬያለሁ። አንተ ግን አልታሰርህም።»

ቀኖናውን ሰጡት። የአርባ ቀን ጾም፣ በየቀኑ አርባ ስግደት፤ ለማንም የሚሰጡትን ያህል፣ አንድ ሳይጨምሩ። እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው በመስቀሉ ባረኩት። ላስቲኩን መለሱለት።

ኤደን የመድኃኒት ካርቶኗን ታቅፋ ተመለሰች። ይስማው ሞተሩን ረግጦ አስነሣው፤ በአምስተኛው ተነሣ፣ ነጭ ጭስ ተፋ። የእጀታውን ሦስት ቦታዎች እያዞረ አሳያት። መጠባበቂያውን ሁለት ጊዜ ደገመላት።

«ገባኝ፣ ጋሼ» አለችው። «እኔ እንደ ወንድሜ አይደለሁም። ሞልቼ ነው የምወጣው። የተስፋው ቤንዚን ብላችሁ በእኔ አትስቁም።»

ይስማው ቀና አለ። መምሬ ከልጃቸው ጀርባ ቆመው ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ሞተሩ ይሠራል፤ ድምፁ ግን ለመነጋገር አያስቸግርም ነበር። ጨርቅ አንሥቶ ንጹሑን ታንክ ጠረገ።

«ሙዪው» አለ። «እስከ አፉ ሙዪው።»

ካርቶኑን ከኋላ አሰረላትና ሄደች። መምሬ ለማንም እንደሚያደርጉት መስቀላቸውን ዘርግተው አሳለሙት፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው አመተ ሥላሴ ወደምትጠብቃቸው ቤት በእግራቸው ወረዱ።