ክሎቲልድ የጻፈችው ልብወለድ

ኤርሚኒ በክሎቲልድ የምትቀናው ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ እንቅልፍ እስኪነሳት ነው። ሁለቱ ከሩዋን ባንድ ባቡር ፓሪስ የገቡ፣ አንድ ጋዜጣ ላይ የሚሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። አሁን ክሎቲልድ ልብወለድ አሳትማ ሰው ሁሉ ስለሷ ብቻ ነው የሚያወራው።

የባሰው ደግሞ አለቃቸው ሙሴ ቡርድዬ ከፊት ገጽ ግርጌ የሚወጣውን የየቀኑን ተከታታይ ልብወለድ ከሁለቱ ላንዷ ሊሰጡ ነው። ኤርሚኒ ያቺን ግርጌ ከልጅነቷ ነው የምትመኛት፤ እናቷ ልብወለዱን ከጋዜጣው እየቆረጠች እንደ መጽሐፍ በክር ትሰፋው ነበር።

"የጓደኛሽን መጽሐፍ አንብቢና አስተያየት ጻፊበት" አሏት ሙሴ ቡርድዬ።

ጀመረችው። አጀማመሩ በጣም ማማሩ ቅናቷን አባሰባትና ዘጋችው። ከዚያ ምን ብላ ብትጽፍ ጥሩ ነው? "ከገጽ መቶ በኋላ መጽሐፉ ያንቀላፋል።"

ሙሴ ቡርድዬ ጮክ ብለው አነበቡትና "እስቲ ገጽ መቶን አሳዪኝ" ብለው መጽሐፉን ተቀበሏት።

አዲስ መጽሐፍ መቼም ገጾቹ ጫፋቸው እንደተያያዘ ነው የሚመጣው፣ በቢላ እየለያየ የሚሄደው አንባቢው ነው። የኤርሚኒ ቢላ ገጽ አራት ላይ ቆሟል።

"ማድሟዜል፣ የቀረውን አሽተሽ ነው ያነበብሽው?" አሏት።

ክሎቲልድ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። "ቢላ ላውስሽ የኔ ቆንጆ?"

"አለኝ።"

"አለሽማ። ጽሑፍሽ ላይ አየሁት እኮ።"

"እስከ አስር ሰዓት ድረስ አንብበሽ እንደገና ጻፊ" አሉ አለቃዋ። "ግርጌው የማን እንደሆነ ያኔ እናገራለሁ።"

ኤርሚኒ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ተቀመጠች። እየቀደደች አነበበች፣ እየቀደደች አነበበች። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ድመቷን ከቤት አከራይዋ የምትደብቅበት ቦታ ላይ ሳታስበው ሳቀች፣ ከዚያ በመሳቋ በራሷ ተናደደች። ምሳም አልበላች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ ግማሹ ለሴትዮዋ ነው፣ ግማሹ ለራሷ። እሷ እንዲህ መጻፍ አትችልም፣ አበቃ።

አስር ሰዓት ሲሆን አንድ ወረቀት አስረከበች፦ "ግርጌውን ለክሎቲልድ ስጧት። ነገ ጠዋት ጋዜጣውን መጀመሪያ የምገዛው እኔ ነኝ።"

ሙሴ ቡርድዬ አንብበው ለክሎቲልድ አቀበሏት።

"ከልብሽ ነው?" አለቻት ክሎቲልድ።

"ከልቤ ነው" አለች ኤርሚኒ ባርኔጣዋን እያነሳች። "ለዚህ እኮ ነው ያመመኝ። አሁን አትቀፊኝ።"