የመምህር ኤርጫፎ ጄት

መምህር ኤርጫፎ ሆሳዕና ውስጥ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ደቡብ አፍሪካ የሚሠራው ወንድሙ በሪሞት የምትበር ትንሽ ጄት ላከለትና ክረምቱን ሙሉ ሲገጣጥማት ከረመ። ኳስ ሜዳ ወስዶ ሊያስነሳት ሲሞክር ግን ሣሩ ላይ ትንሽ ተንደርድራ ቆመች። ሊያይ የወጣው ሰው «መኪና ነች እንዴ?» እያለ ተበተነ።

ኤርጫፎ ለወንድሙ ደወለ።

«ሞተሩን የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር የሪሞትህን ልክ አያውቅም» አለው ወንድሙ። «ሙሉ ኃይል ስትጠይቀው ግማሹን ነው የሚሰጥህ። የሪሞቱን ማንሻ እስከ ጫፍ ገፍተህ ባትሪውን ሰካ። ጢጥ ሲል ማንሻውን ወደ ታች መልሰው። ያኔ ላይና ታችህን ይለያል።»

ኤርጫፎ ጄቷን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ በገመድ አሰራት። ነርሷ ባለቤቱ ቤቴል ክንፎቿን ያዘችለት።

«እንደተባለው ባይሆንስ?» አለችው።

«በሙሉ ኃይሏ ትነሳና በመስኮት ትወጣለች።»

ቤቴል ሄዳ መስኮቱን ከፈተችና ተመልሳ ክንፎቹን ያዘች።

ኮንትሮለሩ ጢጥ አለ። ማንሻውን መለሰው፤ ደግሞ ጢጥ አለ። መስኮቱ አላስፈለገም።

ቅዳሜ ጄቷ ከሜዳው ተነስታ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣች። የኤርጫፎ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እንዴት ነው የምትወርደው?» አለች ቤቴል።

ኤርጫፎ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ መውረድ አስቦ አያውቅም።

ጄቷ ባትሪዋ እስኪደክም ስትዞር ቆይታ የአንድ ሽማግሌ እንሰት መሃል ወደቀች። ሽማግሌው የተሰበረውን ክንፍ ለብቻ፣ የቀረውን አካሏን ለብቻ አቅፈው አመጡለት።

«አይዞህ ልጄ፣ ይጠገናል» አሉት አዝነው።

«አባባ፣» አላቸው ኤርጫፎ፣ «ስትበር አይተዋታል?»