ስርዝ ድልዝ

"ሲስተር፣ እባክዎ ምንም አይንኩ! እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱልኝ!"

ፋይሏን በብብቷ ሸጉጣ በአንድ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ኮሪደር ላይ የምትንቆራጠጠው ሴት ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አቃታት። አግዳሚው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ቀና ብለው አዩዋት። ለቀጠሮዋ የቀራት ሩብ ሰዓት ነው። እግሯ ግን ከደረጃው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ደረጃው መመላለሱን አልተወም።

"ልጄ፣ እኔ ምን ነካሁ?" አሉ ነርሷ በስልኩ። ድምፃቸው ውስጥ እንባም ቁጣም ነበረበት። "ትናንት 'ሰርዝ' የሚለውን ስጫነው ወደ ኋላ መለሰኝ። ዛሬም ወደ ኋላ ልመለስ ብዬ ያንኑ ተጫንኩ። የዛሬውን ተራ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው! ስልሳ በሽተኛ በራፌ ላይ ቆሞ 'ቀዳሚው እኔ ነኝ' እየተባባለ ነው።"

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል።

"ተራ" ትናንሽ ጤና ጣቢያዎች ወረፋና ቀጠሮ የሚይዙበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ከአምስት ዓመት በፊት እሷ ጀመረችው፤ ዛሬ አርባ ጤና ጣቢያዎች ይገለገሉበታል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለ ይጠግነዋል፣ ማንም አይከፍልበትም። ሰባት በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው ያግዟታል። ያለ እሷ ፈቃድ ግን ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይገባበትም፤ ስለዚህ በሌለችበት "እሜቴ" ይሏታል። ባለችበትም የሚሏት አሉ።

ችግሩ የሌላውን ሰው ሥራ ሁሉ የምትመረምረው እሷ ስትሆን፣ የእሷን የሚመረምር አለመኖሩ ነው። ድርጅቱ ገንዘብ ለመስጠት አዲሱን ገጽታ አሳዩን ስላለ፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት መቶ ቃላትን ከእንግሊዝኛ በሁለት ቀን ተረጎመች። መተውንም "ሰርዝ" አለችው፣ ማጥፋትንም "ሰርዝ" አለችው፤ ራሷ ጽፋ ራሷ አጸደቀችው።

"ሲስተር፣ ከላይ በስተቀኝ 'ቅጂዎች' የሚል ይታይዎታል?"

"ይታየኛል።"

"የሦስት ሰዓት ተኩሉን ይምረጡ። ከዚያ 'መልስ' የሚለውን ይጫኑ።"

"ይሄ ደግሞ መልሰው ማለት ነው ወይስ የጥያቄ መልስ? ምን ጠይቆኝ ነው የምመልስለት?"

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። "ይመልሱት ማለት ነው። አይፍሩ።"

ነርሷ የሆነ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙ። ከዚያ እፎይታቸው ተሰማ። "መጣ! ተመለሰ! ስልሳውም አለ።" ቀጠሉና፣ "እነዚህን ቃላት የሚጽፋቸው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"በሽተኛ አሰልፈሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንዲያማ ከሆነ አንዱን 'ተወው' በይው፣ ሌላውን 'አጥፋ' በይው። ሰው የሚነጋገረው እንደዚያ ነው። ብትጠይቂኝ እኮ አፍ አለኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። አፍራ ቆማ ሳለ ከውስጥ ተጠራች።

የድርጅቱ የእርዳታ ክፍል ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ዘጠኝ ገጽ ቅጽ ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

"እንኳን ደስ አለዎት። ኮሚቴው አጽድቆታል። የቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው።"

የሁለት ዓመት ደሞዝ ነው። ለእሷና ለሌሎች ሁለት ሰዎች። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤት ኪራዩን ብቻዋን ስትከፍል ኖራለች። "ስሙም ተራ፣ ትርፉም ተራ" እያለች ትቀልዳለች፤ ዛሬ ጠዋት ግን አልቀለደችም። "ለሰው ወረፋ ስታስይዢ የራስሽ ተራ መቼ ነው የሚደርሰው?" ብላ ነበር የሸኘቻት። ዛሬ ካልተሳካ ሰኞ ባንክ ቤት ልትቀጠር ለእህቷ ቃል ገብታለች። እሷ ከሄደች ደግሞ ፕሮግራሙ ጠባቂ አይኖረውም።

እስክሪብቶውን አነሳች። ለወጉ ያህል ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገችና አራተኛው ላይ እጇ ቆመ። "የፕሮጀክቱ አቅጣጫ፦ ሥርዓቱን ለትልልቅ ሆስፒታሎች ማሳደግ።" ከሥሩ "አቅጣጫውን የሚወስነው፦ መሥራቿ" ይልና ሙሉ ስሟ ይከተላል። ሁለቱንም የጻፈችው እሷ ናት። ትልቅ ነገር ይወዳሉ ስለተባለች ትልቅ ነገር ጻፈች። አንድም ትልቅ ሆስፒታል "ተራን" ጠይቋት አያውቅም።

ጣቷን "መሥራቿ" የሚለው ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቢገባስ?" አለች።

"ማን?"

"አንዲት ነርስ። የሚሠሩት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው።"

"ኮድ ይጽፋሉ?"

"አይጽፉም።"

"ታዲያ ምን ይወስናሉ?"

"እኔ ምን መጻፍ እንዳለብኝ።"

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። "እህቴ፣ እንደ ወንድም ልምከርዎ። ዛሬ ይፈርሙ፤ በኋላ እርስ በርሳችሁ እንደፈለጋችሁ ተስማሙ። ማን ያያችኋል? ይሄ ከተቀየረ ግን ለኮሚቴው እንደ አዲስ ነው የሚቀርበው። ሊያጸድቀው ይችላል፣ ላያጸድቀውም ይችላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ትንንሽ ጤና ጣቢያ ሲባል ብዙም አይማርካቸውም።"

ፈራች። የእህቷን ፊት በሐሳቧ እያየች ፈራች። ብትፈርም ማንም አይከሳትም፤ ገንዘቡም ይመጣል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ግን ወዴት እንደሚቀጥል አሁን ታይቷታል፤ አንድም ቀን በሽተኛ ያላሰለፈች ሴት ወዳዘዘችው ነው።

ከገጹ ግርጌ በደማቅ ፊደል "ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም" ይላል። አነበበችው። ከዚያ በእስክሪብቶው "ትልልቅ ሆስፒታሎች" እና "መሥራቿ" በሚሉት ላይ ወፍራም መስመር አሰመረች።

"ምን አደረጉ!" ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሳ። "ይሄ ቅጽ እኮ አበቃለት!"

"ንጹሕ ቅጽ ይኖርዎታል?"

ትክ ብሎ አያት። ሐሳቧን ትለውጥ እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። በመጨረሻ መሳቢያውን ከፍቶ ባዶ ቅጽ አወጣ። "ስድስት ሰዓት ላይ እንዘጋለን" አለ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ጠራ፤ እህቷ ነበረች።

"ፈረምሽ?"

"አልፈረምኩም፣ እትዬ። ሰኞ ባንክ ቤት መግባቴ አይቀርም መሰለኝ።"

በስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። "ምን ሆንሽ?"

"ማታ እነግርሻለሁ። አሁን ስድስት ሰዓት ሳይሞላብኝ ዘጠኝ ገጽ መጻፍ አለብኝ።"

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ዘለለችና አራተኛውን ገለጠች። "አቅጣጫውን የሚወስነው፣ ሙሉ ስም ከነአያት" ይላል። እስክሪብቶውን አስጠጋችና ቆም አለች። አምስት ዓመት ሙሉ በስልክ ያወራቻቸውን ሴት "ሲስተር" ከማለት በቀር ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም።

ደወለች።

"ደግሞ ምን ጠፋ?" አሉ ነርሷ።

"ምንም አልጠፋም ሲስተር። ስምዎ ማን ነው?"